ጭንብሉን ማን ይውረስ?



መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ገና ከየቤቱ ሳይጠረግ፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለት የስልክ መስመሮች ለሕዝብ ተከፈቱ። በአንደኛው የደወለ «ልጁ ይሙት»፣ በሁለተኛው የደወለ «ልጁ ይትረፍ» ብሎ እንደ ፈረደ ይቆጠራል። አንዱ ጥሪ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። መስመሮቹ 36 ሰዓት ያህል ክፍት ቆይተው ተዘጉ። ሲቆጠር 5,343 ድምፅ ለሞት፣ 5,271 ድምፅ ለሕይወት ሆነ። ልጁ በ72 ድምፅ ሞተ።

ስሙ ጄሰን ቶድ ነው። ሥጋና ደም አልነበረውም፤ የወረቀትና የቀለም ልጅ ነው። የኮሚክ መጽሐፉ ጀግና ባትማን ወንጀለኛ ሲያሳድድ ከጎኑ የሚሮጥ፣ «ሮቢን» የተባለውን ስም ከሌላ ልጅ የተረከበ ገጸ ባሕርይ ነበር። ስለ እሱ እዚህ፣ አገው ምድር ላይ ማንሣት ያስፈለገው ደራሲው ጂም ስታርሊንና ሠዓሊው ጂም አፓሮ የተገደለበትን ቦታ ኢትዮጵያ ስላደረጉት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄሰን ወላጅ እናቱን ፍለጋ አገር ላገር ይዞራል። እናቱ ሺላ ሄይዉድ በመጨረሻ የምትገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ለረኀብተኞች እርዳታ ስታድል ነው። የባትማን ቀንደኛ ጠላት ጆከር የድሮ ገመናዋን ያውቃልና አስፈራርቶ ለእርዳታ የመጣውን መድኃኒት ይዘርፋል። ልጅ ለእናቱ ማንነቱን ገለጠላት፤ እናት ልጇን ለጆከር አሳልፋ ሰጠችው። ጆከርም ልጁን በብረት ዘንግ ቀጠቀጠው፤ እናትና ልጅን መጋዘን ውስጥ ዘግቶ ፈንጂ አጠመደባቸው። ባትማን ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ ያኔ ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር። ለኮሚኩ የኒው ዮርክ አሳታሚ ኢትዮጵያ የምትባለው አገር ድንኳን፣ የእህል ጆንያና የውጭ አገር እርዳታ ሠራተኛ ነበረች፤ ባለአገሩ ከኋላ ሆኖ የሚታይ ምስኪን ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ያንን ዘመን በሌላ መልኩ ያስታውሰዋል። መንግሥት ከወሎና ከሌላም ቦታ ያነሣቸውን ሰዎች መተከል ውስጥ፣ ከእዚህ ብዙም በማይርቀው ፓዊ ላይ ያሰፈረው ያኔ ነው። ኮሚኩ ይህን አላወቀም፤ ሊያውቅም አልፈለገ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ታሪኩ ወደ አኒሜሽን ፊልም ሲመለስ ግድያው ወደ ሳራዬቮ ተዛወረ። ኢትዮጵያ የመጣችው በአንድ የዜና ሰሞን ነው፤ የሄደችውም ሌላ ዜና ሲተካት ነው። ቅር የሚያሰኝ ነገር አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ጄሰን ቶድ ሞቶ አልቀረምና።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደራሲው ጀድ ዊኒክ መልሶ አመጣው። ከሞት የተነሣበት ምክንያት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ኃይለኛ ልጅ የእውነታን ግድግዳ በቡጢ ሲደበድብ የተፈጠረ ንዝረት ነው ተባለ። የኮሚክ አንባቢ እንዲህ ያለውን ማብራሪያ መዋጥ የለመደ ነው፤ እናንተም ለዛሬ ዋጡልኝ። ከምክንያቱ የሚበልጠው አመጣጡ ነው። ጄሰን ሲመለስ ሮቢን አልነበረም። ራስን ሙሉ የሚሸፍን ቀይ ቆብ ደፍቶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ «ሬድ ሁድ» ተብሎ መጣ። ባትማን ወንጀለኛን ይይዛል እንጂ አይገድልም፤ ሬድ ሁድ ግን ይገድላል። ፖሊስም ዳኛም ራሱ ነው።

ያ ቀይ ቆብ ከዚያ በፊት ባለቤት ነበረው። ቢል ፊንገር የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ታሪክ ቆቡን የደፋው ካርታ ፋብሪካ ሊዘርፍ የገባ ሌባ ነው። ሌባው ባትማንን ሸሽቶ የኬሚካል ፍሳሽ ውስጥ ዘለለ፤ ሲወጣ ፊቱ ነጥቶ፣ ፀጉሩ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጆከር ሆነ። ስለዚህ ጄሰን የለበሰው የገዛ ገዳዩን አሮጌ ጭንብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1988፣ ልጁ በድምፅ በተገደለበት በዚያው ዓመት፣ እንግሊዛዊው አለን ሙር ደግሞ የሬድ ሁድን ምንጭ እንደገና ተረከው። በእሱ አተራረክ ሬድ ሁድ የሚባል አንድ ሰው ጨርሶ የለም። የወንበዴ ቡድን በየዘረፋው ለአንድ የዋህ ቆቡን ያለብሰዋል፤ ፖሊስ ያንን ምስኪን መሪ መስሎት ሲያሳድድ እውነተኞቹ ያመልጣሉ። አንድ ቆብ ሌባ ለበሰው፤ የተታለለ የዋህ ለበሰው፤ ተገድሎ የተነሣ ተበቃይ ለበሰው። ስሙ ሳይለወጥ ሥራው በየጊዜው ተለወጠ።

በኮሚክ ዓለም ይህ ብርቅ አይደለም። ሮቢን የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1940 መጀመሪያ የያዘው ዲክ ግሬይሰን ነው፤ ከእሱ ወደ ጄሰን፣ ከጄሰን ወደ ቲም ድሬክ፣ ከዚያም የባትማን የራሱ ልጅ ወደሆነው ዴሚየን አለፈ። ብላክ ፓንተርን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በፊልም ታውቁታላችሁ። ዋናውን የተጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያርፍ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ሌላ ተዋናይ በንጉሥ ትቻላ ስም ከማቆም ይልቅ ንጉሡም ሞተ አሉ፤ ጭንብሉን እ.ኤ.አ. በ2022ቱ ፊልም እኅቱ ሹሪ ወረሰች። እውነተኛ ሐዘን የፈጠራን ውርስ የወሰነበት ጊዜ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ፋንተም ነው። ሊ ፎክ የፈጠረው ይህ ጭንብል ለባሽ በጋዜጣ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1936 ነው፤ የራስ ሙሉጌታ ጦር አምባ አራዶም ላይ ከጣሊያን ጋር ሲተናነቅ በነበረበት በዚያው ሳምንት። የመጀመሪያው ፋንተም እ.ኤ.አ. በ1536 አባቱን የገደለበትን ሰው ራስ ቅል ይዞ ክፉን ሁሉ ሊዋጋ ማለ ይላል ልብ ወለዱ፤ እኛ ዘንድ ዓፄ ልብነ ድንግል ከግራኝ አሕመድ ሸሽተው ከአምባ አምባ የሚንከራተቱበት ዘመን መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት በሞተ ቁጥር ልጅ ያንኑ ልብስ ይለብሳል፤ ዛሬ ያለው ሃያ አንደኛው ነው። የአገሬው ሰው ግን ይህን አያውቅም። አንድ የማይሞት ሰው አራት መቶ ዓመት ሲመላለስ የኖረ ይመስለዋል፤ የፋንተም ኃይልም ይኸው እምነት ነው። ኋላ ላይ አገሩ አፍሪካ ውስጥ ያለች ቤንጋላ የምትባል አገር ሆነች። ነጭ ሰው ጫካ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሞቱን እየደበቀ፣ ጥቁር ሕዝብን ለሃያ አንድ ትውልድ «ሲጠብቅ» የሚያሳይ ታሪክ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ሳምንት መጀመሩን ያስተዋለ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝም ብሎ ገጹን አይገልጥም።

ሞት መደበቅ እኛም ቤት ነበር። ዓፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ለሕዝብ አልገለጠም፤ ሰውየው ከሄዱም በኋላ ስማቸው አገር ያዘ። ልዩነቱ፣ እዚህ የተደበቀው ሞት እንጂ ሰው አለመሆኑ ነው። ልጅ ኢያሱ የአያታቸውን መልክ ለብሰው ምኒልክ ነኝ አላሉም።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የጀግና ስም ነበረ ወይ? የዚህ ዲስኩር አቅራቢ ሁለት ዓይነት ያገኛል።

አንደኛው ባለቤቱን የሚጠብቅ ስም ነው። በፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል፣ በጽድቅም ይገዛል ተብሎ ነበር። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መባቻ በዚህ ስም አጭር ጊዜ የነገሠ ንጉሥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ባዶ ዙፋን ሆኖ አራት መቶ ዓመት ቆየ። ከዚያ ካሣ ኃይሉ መጣ። ቋራ ውስጥ ሸፍቶ በነበረበት ጊዜ ከዘረፈው ገንዘብ ለገበሬ እየሰጠ የእርሻ መሣሪያ ግዙበት ይል እንደነበር ዜና መዋዕሉ ይተርካል። በሕግ ፊት ወንበዴ፣ በገበሬው ዘንድ ግን ዳኛ ነበር፤ የኮሚክ ደራሲዎች እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ብዙ ቀለም ፈጅተዋል። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ካሣ መባሉ ቀረ፤ ቴዎድሮስ ሆነ። ስሙን ከአባቱ አልወረሰውም፤ ማንም ኩባንያም አልሰጠውም። ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው የኖረውን ስም፣ ለእኔ ይገባኛል ብሎ አነሣው። ይገባው እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ሁለተኛው የፈረስ ስም ነው፤ ይህን ለአዊ ሰው ማስተማር ድፍረት ይሆናል። ያም ሆኖ ነገሩ ከጭንብል ጋር ሲነጻጸር አዲስ መልክ ያወጣልና ይነሣ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። በጣሊያን ጊዜ ጎጃምን ያንቀጠቀጠው በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ነው። ባትማን ጭንብል የሚለብሰው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅበት ነው፤ ጦረኛው ግን የፈረሱን ስም በፎከራ የሚጠራው ማን እንደመጣ ወዳጅም ጠላትም እንዲያውቅ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ጀግና ሁለት ኑሮ አለው፤ ቀን ሌላ፣ ሌሊት ሌላ። የእኛው ኑሮው አንድ፣ ስሙ ግን ሁለት ነው፤ አንዱን እናቱ ወይም ቄሱ፣ ሌላውን ፈረሱ ሰጠው።

የፈረስ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ሁለተኛ አባ ነፍሶ፣ ሁለተኛ አባ መላ አልመጣም። ስለዚህ የወረሰ ሲገኝ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

እንዲህ ያለው ውርስ ጅማ ላይ ሆነ። የጊቤ ነገሥታት በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ የጅማን መንግሥት ያቋቋሙት አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1855 ሲያርፉ ከእሳቸው በኋላ የመጡት በየራሳቸው ፈረስ፣ አባ ረቡ፣ አባ ቦኮ፣ አባ ጎሞል ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1878 የነገሡት ወጣት ግን የመሥራቹን ስም አነሡ፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር። ከመሥራቹ ሞት እስከዚያ ሃያ ዓመት አልፏል። ወጣቱ ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ገብረው፣ ቤተ መንግሥታቸውንና ገበያቸውን ጠብቀው፣ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆዩ። ዛሬ አባ ጅፋር ሲባል በሁሉም ሰው ፊት የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ወራሹ አውራሹን ሸፈነው፤ በኮሚኩ ዓለምም ሬድ ሁድ ሲባል ዛሬ የሚታሰበው ጄሰን እንጂ የ1951ዱ ሌባ አይደለም።

ሌላው ቃኘው ነው፤ ይኸኛው ከሁሉ የራቀ ጉዞ አለው። ቃኘው የራስ መኰንን ፈረስ ነው፤ ራስ መኰንን አድዋ ላይ ሲዋጉ አባ ቃኘው ነበሩ። አረፉ፤ ስሙም አብሮ ያረፈ መሰለ። ልጃቸው ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ወደ ኮሪያ ጦር ሲልኩ ለሻለቃው የአባታቸውን ፈረስ ስም ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1951 የተነሣው የቃኘው ሻለቃ እየተተካካ ስድስት ሺህ ያህል ኢትዮጵያዊ ኮሪያ ላይ ተዋጋ፤ ከ120 በላይ ሞተ፤ አንድም ሰው ምርኮኛ አልሆነም። የአንድ ሰው ስም የሺዎች ሆነ። ነገር ግን ጉዞው እዚህ አልቆመም። አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ መገናኛ ሰፈርም «ቃኘው» ተባለ፤ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካውያን በዚያ ስም ሲኖሩ፣ ሲጽፉ፣ ሲሰልሉ ቆዩ። አድዋ ላይ ነጭ ወራሪን የተዋጋ ፈረስ ስም በመጨረሻ የውጭ ጦር ሰፈር ታፔላ ላይ ዋለ። ሬድ ሁድ ከሌባ ወደ ተበቃይ ከተሸጋገረበት ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስደነግጣል፤ እውነት ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ስም ሲተላለፍ ፈቃጁ ማን ነው? በኮሚኩ ዓለም መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፤ ኩባንያው። ሮቢን ቢሞት ሌላ ሮቢን የሚወለደው ስሙ ስለሚሸጥ ነው፤ ጄሰን የተገደለበት ስልክም የሚከፈልበት ነበር። ሬድ ሁድን የጻፈው ቢል ፊንገር ባትማንን ራሱን ከቦብ ኬን ጋር የፈጠረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሞት ግን ስሙ በባትማን ፈጣሪነት አይጻፍም ነበር፤ የተጻፈለት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጭንብል ለብዙዎች ያወረሰ ደራሲ የገዛ ስሙን ለማግኘት ከሞተ በኋላ አርባ አንድ ዓመት ጠበቀ። የእኛ ቤት ልማድ በዚህ ይሻላል። አባ ጅፋርን ያነሣው ወራሹ ራሱ ነው፤ ቃኘውን የሰጡት የራስ መኰንን ልጅ ናቸው፤ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም ለካሣ ያጸደቀለት የጦር ሜዳና የሕዝብ ጆሮ ነው። ስሙ የሚሸጥ ስላልነበረ የሚተላለፍለት ሰው የሚገባው መሆን ነበረበት። ቃኘው የተበላሸው ስሙን የሚጠብቅ ሳይኖር ለእንግዳ በተሰጠ ጊዜ ነው።

አገው ምድር ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው አድዋ ላይ ለዘመቱ አርበኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ሰውን ብቻ ሳይሆን ፈረስን ጨምሮ የሚዘክር ማኅበር ብዙ አገር የለም። አድዋ የሆነው የካቲት 23፣ በዓሉ ጥር 23፤ ሁለቱም የጊዮርጊስ፣ የፈረሰኛው ሰማዕት ቀን ነው። ማኅበሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አባል አለው። ሽማግሌና ጎረምሳ በአንድ ሜዳ ኮርቻ ጭነው፣ ግላስ አልብሰው፣ ጉግስ ይጫወታሉ፤ ሽምጥ ይጋልባሉ።

በዚያ ሜዳ ላይ የሚጋልበው ወጣት ምን ወረሰ? ጭንብል አልለበሰም። የቅድመ አያቱን ስም ይዞ እኔ እሱ ነኝ አላለም። የወረሰው ተግባሩን ነው፤ ኮርቻውን፣ አቀማመጡን፣ ፈረስ የመግራቱን ጥበብ፣ ሰው ሲሞት ለቀብር ሰልፍ የመውጣቱን ግዴታ። ፋንተም እንዳይሞት ሰውነቱን ይደብቃል፤ የአዊ ፈረሰኛ አባቱ መሞቱን እያወቀና እያሳወቀ ሜዳ ይገባል። ሃያ አንደኛውን ፋንተም የፈጠረ ደራሲ ይህን ቢያይ ጭንብሉ ለምን እንዳስፈለገው ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም።

እንግዲህ ለወጣት ደራሲና ሠዓሊ የሚሆን ነገር አለ። ኢትዮጵያዊ ኮሚክ ጀምሯል። በስራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ቀጥሎ «ሐዊ» የተባለች ጀግና መጣች። ጥሩ ጅምር ነው። ጉድለቱ የጀምበር ልብስ የአሜሪካውን ጀግና ልብስ መምሰሉ አይደለም፤ ያ በጊዜ ይስተካከላል። ጉድለቱ ከእኛ ወገን የሚወራረስ የጀግና ስም እስካሁን አለመሣሉ ነው። ከአድዋ ፈረሰኛ ወደ ጣሊያን ዘመን አርበኛ፣ ከአርበኛው ወደ ዛሬዋ የዳንግላ ልጅ የሚያልፍ የፈረስ ስም ያለው ታሪክ ማንንም መኮረጅ አያስፈልገውም። እንጅባራና ዳንግላ የጣሊያን ምሽግ የነበሩ፣ በ1933 ዓ.ም. ጠላት ጥሎአቸው የሸሸ ከተሞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ እዚሁ ይጀምራል። ወራሿ ሴት ብትሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ አያቷ ስሙን ለወንድሟ ሲያስብ እሷ ፈረሱን ቀድማ ብትገራ ታሪኩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ግን ጥሬ ዕቃው ከሽማግሌዎች አፍ መሰብሰብ አለበት። የነገሥታቱና የራሶቹ የፈረስ ስም በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የአንከሻ፣ የባንጃ፣ የጓጉሳ፣ የፋግታ ባላገር ፈረሰኛ ስም ግን የተጻፈበት ቦታ ጥቂት ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፣ በመጪው ጥር 23 ሜዳው ላይ ስልካችሁን ለፎቶ ብቻ አታውጡት። ከሽማግሌው ፈረሰኛ አጠገብ ቁሙና ጠይቁ፤ የፈረስዎ ስም ማን ነው፣ ከዚህ በፊት የነበረውስ፣ የአባትዎ ፈረስ ማን ይባል ነበር፣ ስሙን ማን አወጣለት፣ ያንን ስም ከእሳቸው በኋላ ያነሣው ሰው አለ ወይ? በአዊኛ የነገሯችሁን በአዊኛ፣ በአማርኛ የነገሯችሁን በአማርኛ መዝግቡት፤ ከነቀኑና ከነመንደሩ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አስገቡት።